የዶሮ ላባ ቆጥሮ የዘርን ሕግ ያስረዳው ዊሊያም ቤትሰን

በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ ገበያዎች አውራ ዶሮ የሚመረጠው በክብደቱ ብቻ አይደለም። ገዢው ዶሮውን አንሥቶ ከመመዘኑ አስቀድሞ ላባውን ያያል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ቀይ አውራ ዶሮ ተፈላጊ ሲሆን ጥቁሩ ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጣል። ነጩ፣ ገብስማውና ወሰራው ደግሞ እንደየቤቱ ልማድ የየራሳቸው ፈላጊ አላቸው። ስለዚህ የላባ ቀለም ለገበሬው ቤተሰብ፣ በተለይም ከዶሮዋ የጨውና የሳሙና መግዣ ለምታገኘው እናት፣ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ይሁን እንጂ ዶሮን በቀለም ለይቶ ማርባት እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ከቀይ አውራና ከቀይ እናት አንዳንድ ጊዜ ነጭ ጫጩት ይፈለፈላል። ሁለት ነጭ ዶሮዎች ተገናኝተው ባለቀለም ጫጩት የሚሰጡበትም ጊዜ አለ። ባለቤቲቱ የጎረቤትን አውራ ዶሮ ትጠረጥራለች፤ ወይም ነገሩን ለዕድል ትታ ታልፈዋለች። ዘር ከልጓም ይስባል የሚለውን አነጋገር ሁሉም ያውቀዋል። ዘሩ በየትኛው መንገድና በምን ያህል እጅ እንደሚስብ በእንስሳት ላይ ቆጥረው ካሳዩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ግን እንግሊዛዊው ዊሊያም ቤትሰን ነበር። የሠራበትም እንስሳ በየደጃፋችን የሚጭረው ዶሮ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክና ለገበሬ ማኅበሮቻችን የሚሰጠውን ትምህርት እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ቤትሰን በሰሜን እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው በዊትቢ ከተማ በነሐሴ ወር 1861 ተወለደ። አባቱ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሴንት ጆንስ ኮሌጅ የበላይ ኃላፊ ነበሩ። ልጁ በትምህርት ቤት ሳለ ብዙ ተስፋ የሚጣልበት አልነበረም፤ በተለይ የሒሳብ ትምህርት ይከብደው ነበር። ወደ ካምብሪጅ ገብቶ የተፈጥሮ ሳይንስ ማጥናት ከጀመረ በኋላ ግን ትጋቱ ታየ።

ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ የሚኖር ትል መሰል እንስሳ አጠና። በ1886 እና በ1887 ደግሞ ወደ መካከለኛው እስያ ሄዶ በደረቅ ሜዳ ላይ የሚገኙ ጨዋማ ሐይቆችን እየዞረ መረመረ። ለማወቅ የፈለገው የውኃው ጨዋማነት ሲለዋወጥ በውስጡ የሚኖሩት እንስሳት መልክም አብሮ ይለወጥ እንደሆነ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የጠበቀውን ያህል ግልጽ መልስ አላገኘም። ድካሙ ግን አንድ ጥያቄ በልቡ ተከለበት። የአንድ እናት ልጆች እርስ በርሳቸው የሚለያዩት ከየት በመጣ ነገር ነው?

በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ዘር ከአባትና ከእናት ተቀላቅሎ እንደ ወተትና ቡና አንድ መካከለኛ መልክ ይሰጣል ብለው ያምኑ ነበር። ቤትሰን በ1894 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመልክ ልዩነቶችን ሰብስቦ፣ ልዩነት ብዙ ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ተለይቶ እንደሚታይ ተከራከረ። መጽሐፉ ወዳጅ ያፈራለትን ያህል ባላጋራም አፈራበት።

በግቢ አጥር ውስጥ የተካሄደ ምርምር

ቤትሰን በዚያን ጊዜ ቋሚ የመምህርነት ወንበር አልነበረውም። መተዳደሪያ ይሆነው ዘንድ የኮሌጁን ማዕድ ቤትና ቀለብ ያስተዳድር ነበር። በ1896 ቤያትሪስ ዱራምን አግብቶ በካምብሪጅ አጠገብ ባለችው በግራንቸስተር መንደር ተቀመጠ። ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ዶሮ ማዳቀል ያዘ። ምርምሩ የተካሄደው በቤቱ ግቢ፣ በትንሽ የገንዘብ እርዳታና በብዙ ጉልበት ነበር። ባለቤቱ ቤያትሪስ የዶሮዎቹን አያያዝና መዝገቡን በመርዳት ትልቅ ድርሻ ነበራት። ኢዲት ሬቤካ ሳንደርስና ከኒውንሃም የሴቶች ኮሌጅ የመጡ ሌሎች ሴቶችም በአትክልትና በእንስሳት ማዳቀሉ ሥራ ላይ ተሰልፈው ነበር። በዚያ ዘመን ሴቶች በካምብሪጅ ቢማሩም ሙሉ ዲግሪ አይሰጣቸውም ነበርና፣ የዘር ሳይንስ መሠረት ሲጣል የእነርሱ ድካም ሊዘነጋ አይገባም።

በ1899 ለንደን ውስጥ በተደረገ የአትክልት ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ቤትሰን አንድ ምክር ሰጠ። የተዳቀሉ ዘሮች በጠቅላላው ታይተው መታለፍ የለባቸውም፤ በየመልካቸው ተለይተው መቆጠር አለባቸው አለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1900፣ ይህንኑ ቆጠራ ከብዙ ዓመታት በፊት ያደረገ ሰው እንደነበረ ታወቀ። ይህ ሰው በብሩን ከተማ ገዳም ይኖር የነበረው መነኩሴ ግሬጎር ሜንዴል ነው። ሜንዴል በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እያዳቀለ የደረሰበትን ውጤት በ1866 አሳትሞ ነበር። በ1884 ሲሞት ግን ትርጉሙን የተረዳለት ሰው አልነበረም።

የሜንዴል ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። እያንዳንዱ ዘር ለአንድ ጠባይ ሁለት መልእክት ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ይወርሳል። ዛሬ ይህ መልእክት ዘረ መል ይባላል። ሁለቱ በሚለያዩበት ጊዜ አንዱ ጎልቶ ሊታይ፣ ሌላው ሊሸሸግ ይችላል። የተሸሸገው ግን አይጠፋም። ወላጁ ለልጁ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ስለሚሰጥ፣ የተሸሸገው በልጅ ልጅ ጊዜ እንደገና ብቅ ይላል።

ይህ በአተር እውነት ከሆነ በእንስሳትስ? መልሱ በግራንቸስተር ዶሮዎች ዘንድ ነበር። በ1902 ቤትሰንና ሳንደርስ ባቀረቡት ዘገባ በዶሮ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ቅርጽ የሜንዴልን ሕግ እንደሚከተል ታየ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ኬኖ በአይጥ ቀለም ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። ሕጉ ለአተር ብቻ የተሰጠ አለመሆኑም ተረጋገጠ።

የአመድማው ዶሮ ምሥጢር

በእንግሊዝ አገር ዶሮን ለጌጥ ማርባት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሰፊ ፍቅር ነበረው። ሰዎች ያልተለመደ ቀለም ያላቸውን ዶሮዎች እያራቡ በኤግዚቢሽን ላይ ያወዳድሩና ይሸለሙ ነበር። ከእነዚህ መካከል አንዱ አንዳሉሺያን የሚባለው ሲሆን፣ ላባው እንደ አመድ ግራጫ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ይመታል።

የዚህ ዶሮ አርቢዎች አንድ ችግር ነበረባቸው። አመድማውን ከአመድማው ጋር ሲያገናኙ ሁልጊዜ ጥቁር ጫጩቶችና ነጣ ብለው ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ጫጩቶች ይፈለፈሉ ነበር። አርቢዎቹ እነዚህን እንደ ጉድለት ቆጥረው ያስወግዷቸዋል፤ በሚቀጥለው ወቅት የተሻለ አመድማ መርጠው እንደገና ይሞክራሉ። ጥቁሩና ነጩ ግን አልጠፋም። ዘሩን ለማጥራት የተደረገው ድካም ሁሉ ከንቱ ሆነ።

ቤትሰንና ከ1900ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የሥራ ጓደኛው የሆነው ሬጂናልድ ፓኔት ጫጩቶቹን በመቁጠር ምሥጢሩን ገለጡት። ከአመድማ ወላጆች ከሚፈለፈሉ 100 ጫጩቶች መካከል ወደ 25 የሚጠጉት ጥቁር፣ ወደ 50 የሚጠጉት አመድማ፣ ወደ 25 የሚጠጉት ነጭ ነጠብጣብ ናቸው። ምክንያቱም አመድማው ዶሮ አንድ የጥቁር መልእክትና አንድ የነጭ ነጠብጣብ መልእክት የያዘ ነው። በዚህ ዶሮ ላይ ከሁለቱ አንዱም ፈጽሞ ሌላውን አይሸፍንምና መካከለኛ መልክ ይወጣል። እንዲህ ያለው ዶሮ መቼም ቢሆን የራሱን መልክ ብቻ አይወልድም።

የሚያስገርመው ከዚህ የተገኘው ምክር ነው። አመድማ ጫጩት ብቻ የሚፈልግ ሰው አመድማውን ከአመድማው ጋር ማገናኘት የለበትም። ጥቁሩን ከነጭ ነጠብጣቡ ጋር ሲያገናኝ የሚፈለፈሉት ሁሉ አመድማ ይሆናሉ። አርቢዎቹ ለብዙ ዓመታት እንደ ጉድለት የጣሏቸው ዶሮዎች የሚፈልጉትን ቀለም በሙሉ የሚሰጡት ነበሩ።

የሁለት ነጮች ልጆች

ሁለተኛው ግኝት ነጭ ቀለምን ይመለከታል። ቤትሰንና ፓኔት ሲልኪ የሚባለውን ነጭ ዶሮ ከሌላ ዝርያ ነጭ ዶሮ ጋር ሲያዳቅሉ ጫጩቶቹ ባለቀለም ሆኑ። ቀለም በላባ ላይ እንዲታይ ከአንድ በላይ መልእክት መሟላት አለበት። አንዱ ነጭ ዶሮ አንዱ ይጎድለዋል፤ ሌላው ሌላው ይጎድለዋል። ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ቀለምም ይወጣል።

ሌላ ዓይነት ነጭም አለ። ሌግሆርን የሚባለው ነጭ ዶሮ ቀለምን የሚከለክል መልእክት ይዟል። ይህ መልእክት ጎልቶ የሚታይ ስለሆነ፣ ነጭ ሌግሆርን ከባለቀለም ዶሮ ጋር ሲዳቀል ጫጩቶቹ ሁሉ ነጭ ወይም ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ያለባቸው ነጭ ይሆናሉ። ነጭ ሌግሆርን ወደ አገራችንም ገብቶ በብዙ ቦታ የተሠራጨ ዝርያ ነው። በመልክ አንድ የሆኑ ሁለት ነጭ ዶሮዎች በዘራቸው ሊለያዩ እንደሚችሉ አርቢ ሁሉ ማወቅ ይገባዋል።

የአናት ሥጋም ተመሳሳይ ትምህርት ሰጠ። እንደ ጽጌረዳ የተደራረበ ሥጋ ያለው ዶሮ እንደ አተር ፍሬ የተደረደረ ሥጋ ካለው ዶሮ ጋር ሲዳቀል፣ ጫጩቶቹ ወላጆቻቸው የሌላቸውን ሦስተኛ ቅርጽ ያወጣሉ። እነዚህ እርስ በርስ ሲገናኙ ከ16 ጫጩቶች 9ኙ አዲሱን ቅርጽ፣ 3ቱ የአንዱን አያት፣ 3ቱ የሌላውን አያት ቅርጽ ይይዛሉ። የቀረው 1 ደግሞ እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ነጠላ ሥጋ ይዞ ይወጣል። ነጠላው ቅርጽ በአያቶቹ ላይ አልታየም፤ በዘራቸው ውስጥ ግን ነበረ።

ክርክሩና ስሕተቱ

አዲሱ ትምህርት በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። የቤትሰን የቀድሞ የትምህርት ጓደኛ የነበረው ዌልደን በጽሑፍ ተቃወመው። ቤትሰን በ1902 የሜንዴልን ሥራ የሚከላከል መጽሐፍ አሳትሞ መለሰለት። ክርክሩ ወዳጅነታቸውን አፈረሰ። ቤትሰን በ1905 በጻፈው ደብዳቤ ለአዲሱ የትምህርት ዘርፍ ጀነቲክስ የሚለውን ስም አቀረበ። በ1906 በለንደን በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤም ስሙን በይፋ አስተዋወቀ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የምንጠቀምበት ቃል ይኸው ነው። በ1908 በካምብሪጅ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1910 ከፓኔት ጋር የዘር ሳይንስ መጽሔት መሠረተ፤ በዚያው ዓመት በለንደን አጠገብ በመርተን የተቋቋመው የጆን ኢንስ የአትክልት ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ።

ቤትሰን በሁሉም ነገር ትክክል አልነበረም። የዘር መልእክቶች በሕዋስ ውስጥ ባሉ ክሮች ላይ ተደርድረው እንደሚገኙ የአሜሪካው ሞርጋንና ባልደረቦቹ በዝንብ ላይ ሠርተው ሲያሳዩ፣ እርሱ ለብዙ ዓመታት አልቀበልም አለ። በ1921 መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሥራቸውን በዓይኑ ካየ በኋላ በከፊል አመነ። ጥርጣሬው ግን እስከ መጨረሻው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም።

በቤቱም ኀዘን ደርሶበታል። የመጀመሪያ ልጁ ጆን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በ1918 ተገደለ። ሁለተኛው ልጁ ማርቲን በ1922 ሞተ። በሜንዴል ስም የሰየመው ሦስተኛው ልጁ ግሬጎሪ በኋላ የታወቀ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሆኗል። ዊሊያም ቤትሰን በየካቲት ወር 1926 በ64 ዓመቱ አረፈ። ባለቤቱ ቤያትሪስ የሕይወት ታሪኩን ጽፋ በ1928 አሳተመች።

ከጌጥ ወደ ገበታ

የላባ ቀለም ጥናት የጌጥ አርቢዎች ጨዋታ ሆኖ አልቀረም። ቤትሰንና ፓኔት የሲልኪን ጥቁር ቆዳ ሲመረምሩ የአንዳንድ ቀለም ውርስ ከጫጩቱ ወንድነትና ሴትነት ጋር የተያያዘ መሆኑን አይተው በ1911 አሳተሙ። አሜሪካዊው ስፒልማንም ከዚያ ቀደም ብሎ ስለ ገብስማ ላባ ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እህል ሲያጥር ፓኔት ይህ እውቀት ወንዱን ጫጩት ከሴቷ በቀለም ለመለየት እንዲያገለግል ሐሳብ አቀረበ። በ1929 ደግሞ ፓኔትና ባልደረባው ወንዱና ሴቷ ገና እንደ ተፈለፈሉ በቀለም የሚለዩበትን ካምባር የተባለ ዝርያ አወጡ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ላባዋ ላይ ነጭና ጥቁር መስመር በአግድም የተደረደረባት ገብስማ ሴት ዶሮ፣ ይህ መስመር ከሌለው ቀይ ወይም ጥቁር አውራ ጋር ስትገናኝ፣ መስመሩን የሚወርሱት ወንዶቹ ልጆቿ ብቻ ናቸው። ወንዶቹ ሲፈለፈሉ በአናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ይታያል፤ የሴቶቹ አናት ጥቁር ነው። አውራው ገብስማ፣ እናቲቱ ቀይ ከሆነች ግን ይህ መለያ አይሠራም። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ገብቶ በብዙ ገበሬ ቤት የሚታወቀው ኮይኮክ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ዝርያ ይህን መስመራማ ላባ የያዘ ነው። ቡናማ ዲቃላ እንቁላል ጣይ ጫጩቶችም በፈልፋይ ድርጅቶች ዘንድ ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጣ ያሉ ሆነው የሚለዩት ከዚሁ ሕግ የተነሣ ነው። በገዛናት ጫጩት ላይ የምናየው ቀለም በግራንቸስተር ግቢ ከተጀመረው ቆጠራ ጋር የተያያዘ መሆኑ እነሆ።

ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ምን ይጠቅማል?

በ1980ዎቹ የአገራችንን ዶሮዎች ያጠኑ ባለሙያዎች ጥቁር፣ መላጣ፣ ቀይ፣ ገብስማና ነጭ ብለው በአምስት መድበው መርምረዋቸዋል። ይህ ሀብት በእጃችን ያለ ነው። አያያዛችን ግን አንድ አደጋ አለበት። ለበዓል ትልቁና ቀዩ አውራ ይሸጣል፤ በግቢው የሚቀረውና ለዘር የሚሆነው ገዢ ያልመረጠው ትንሹ ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ገበያው ራሱ የሚፈልገውን ዘር ከመንደሩ ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ በአንድ መንደር ያሉ አርቢዎች ተስማምተው ከፋሲካ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ጥሩ አውራዎችን ለዘር ማስቀረት፣ ለባለቤቱም የሚገባውን ማካካሻ መስጠት ይጠቅማቸዋል። በዚህ ውይይት ዶሮውን በእውነት የሚያውቁት እናቶች ቀዳሚውን ቦታ ሊይዙ ይገባል።

ቀለምን ለይቶ ማርባት የሚፈልግ አርቢ የሚከተሉትን ቢፈጽም ድካሙ ፍሬ ያገኛል።

አንደኛ፣ የተመረጠውን አንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ከሚሆኑ ሴት ዶሮዎች ጋር በአጥር ለይቶ መያዝ። ሴት ዶሮ የቀድሞውን አውራ ዘር እስከ ሦስት ሳምንት በሆዷ ልታቆይ ስለምትችል፣ ከተለየች በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የጣለችው እንቁላል ለዘር መታቀፍ የለበትም። ብዙ ጊዜ የጎረቤት አውራ የሚታማው ይህ ሳይጠበቅ ቀርቶ ነው።

ሁለተኛ፣ እንቁላሉን በከሰል ምልክት ማድረግ፣ በ21 ቀን የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በእግራቸው ላይ ባለቀለም ክር ማሰርና የእያንዳንዱን ቀለም ጽፎ መያዝ። ጫጩት ሲያድግ ቀለሙ ስለሚለወጥ ካደገ በኋላ እንደገና መመዝገብ ያስፈልጋል። ክሩም እግሩን እንዳያንቀው በየጊዜው መላላት አለበት።

ሦስተኛ፣ አንድ ቀይ አውራ በውስጡ ነጭ ሸሽጎ እንደሆነ ለማወቅ ከአገር ነጭ ሴት ዶሮዎች ጋር ማገናኘት። አውራው ነጭን ከሸሸገ ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ ነጭ ይሆናሉ። ከ10 ጫጩቶች አንድም ነጭ ካልወጣ አውራው ንጹሕ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ለዚህ ፈተና ነጭ ሌግሆርን ወይም የእርሱ ዲቃላ አይሆንም፤ ነጩ ሌላ ዓይነት ነውና።

አራተኛ፣ በጥቂት ጫጩት አለመፍረድ። ከአራት ጫጩት አንዱ ነጭ ይሆናል የሚለው ሕግ በብዙ ሲቆጠር እንጂ በአንዲት እናት 8 ጫጩት ላይ በትክክል አይታይም። ቤትሰንም ውጤት ያገኘው ብዙ ጊዜ፣ ብዙ ጫጩት በመቁጠሩ ነው።

አምስተኛ፣ ቀለምን ከምርት ጋር አለማምታታት። ቀይ ላባ በገበያ ዋጋ ያወጣል፤ ዶሮዋ ብዙ እንቁላል እንደምትጥል ግን አይመሰክርም። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከ2008 ጀምሮ የሆሮ ዶሮ ሲሻሻል ምርጫው የተደረገው ክብደትንና እንቁላልን እየመዘኑና እየቆጠሩ ነው። ጥቁር ሆና ብዙ የምትጥል፣ ጫጩቶቿንም ከጭልፊት ጠብቃ የምታሳድግ እናት ካለች በቀለሟ ምክንያት ብቻ ከዘር መውጣት የለባትም። አባትና ልጅን ወይም ወንድምና እኅትን ደጋግሞ ማገናኘትም ዘሩን ስለሚያዳክም አውራውን ከሌላ መንደር ጋር መለዋወጥ ያስፈልጋል።

የአንዳሉሺያን አርቢዎች ለብዙ ዓመታት የጣሉት ጥቁር ዶሮ የሚፈልጉት ቀለም ግማሽ ነበር። በሐይቅና በአምባሰል ገበያ ዋጋ አጥቶ የሚመለሰው ጥቁር አውራ በውስጡ ምን እንደያዘ ከላባው ብቻ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ከልጆቹ ነው። ልጆቹን ለመቁጠር ደግሞ የሚያስፈልገው አጥር፣ ክር፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው። እነዚህ በእያንዳንዱ ገበሬ ማኅበር ሊገኙ የሚችሉ ናቸውና ከመጪው የመታቀፊያ ወቅት ጀምሮ ሥራው በጥቂት ቤቶች ቢሞከር መልካም ይሆናል።